ብርሃን የገባበት ፊልም

ፍቅርና ሳል አይደበቅም ያለ ሰው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ሳይኖር አልቀረም። የፎቶ አንሺው የጋሽ አሞጽ ልጅ ታቢታና የሄርማታ ሰፈሩ ቡና ነጋዴ ሀቢቡላህ መዋደዳቸውን ከልጁ እናት በስተቀር ያልሰማ የለም፤ እናትየውም ያልሰሙት ደፍሮ የሚነግራቸው ስለጠፋ ነው።

ልጁ መጀመሪያ የመጣው የሟች አባቱን ፎቶ ለማሳደግ ነበር። ቀጥሎ ለመታወቂያ መጣ። ከዚያ ለመንጃ ፈቃድ። ከዚያ እንደገና ለመታወቂያ። ጋሽ አሞጽ በመጨረሻ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣

«የኔ ልጅ፣ አንተ ስንት ቀበሌ ነው የምትኖረው?» ብለው ጠየቁት።

ታቢታ ያን ቀን ፊልም ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ሮጣ ገብታ ክንዷን ነክሳ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። እሷ ከሆሳዕና የመጣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ አባቷ በቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። እሱ ደግሞ ደህና ስም ያለው የሙስሊም ቤት የበኩር ልጅ ነው። ከባላቸው ሞት በኋላ ቤቱንም ንግዱንም የያዙት እናቱ ወይዘሮ ነጅላ ፊት ቀና ብሎ የሚከራከር ቡና አቅራቢ እስከ አጋሮ ድረስ አይገኝም ይባላል። ልጃቸውም ቢሆን ከዚያው ወገን ነው፤ ገበያ ላይ አንበሳ፣ እናቱ ፊት ጫጩት።

ይህ ሁሉ እንዳለ ነው የእህቱ የሂንድ ሠርግ የደረሰው። በሂና ቀን ሴቶቹ ለብቻቸው ሆነው ሻሻቸውን ያወልቃሉ፣ ጸጉራቸውን ይለቃሉ፣ ይጨፍራሉ። ወይዘሮ ነጅላ ስልክ የያዘች ሴት ከደጃፋቸው እንዳታልፍ ብለው ነበር። የአንዲት የሩቅ ዘመዳቸው የጭፈራ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ልጅቷን ከቤት እንዳትወጣ ካደረጋት ወዲህ ስልክ ሲያዩ እባብ ያዩ ያህል ይሆናሉ። ሂንድ አለቀሰች። ያኔ ሀቢቡላህ፣ ለራሱ ሲሆን ብልህ አይደል፣ እናቱን «አዮ፣ በድሮ ካሜራ፣ በፊልም የምታነሳ ሴት አለች። ወደ ስልክ የሚሄድ ነገር የለውም» አለ። እናትየው አሰቡበት። ተስማሙም፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። የተነሳበት ፊልም እዚያው በእሳቸው እጅ ይቀመጣል፤ ሲታጠብም ሂንድ አብራ ሄዳ ታያለች፤ አንድም ቁራጭ ውጭ አይቀርም።

ታቢታ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። እናቱ ቤት በፊት ለፊት በር የምትገባበት ቀን መጣ ማለት ነው። ሥራዋን ያዩላታል፤ ጨዋነቷን ያዩላታል። ከዚያ በኋላ ሀቢቡላህ እንደ ቃሉ ይነግራቸዋል። የአንዲት ሴት ዕድሜ በአንድ ቀን ሥራ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም ነበር፤ ግን ተንጠለጠለ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ታቢታ በመስኮቱ አጠገብ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ሁለቱን ሌንሶች አስቀመጠች። የጅማ ክረምት ውጣ ሲሉት የማይወጣ እንግዳ ነው፤ እርጥበቱ ሌንስ ውስጥ ይገባና እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ ጋሽ አሞጽ ሌንስ በቆዳ ማህደር ውስጥ እንዲያድር አይፈቅዱም። «ቆዳ የሻጋታ ቀለብ ነው» ይላሉ። ታቢታ ሌንሶቹን የምታስቀምጠው ጥብቅ ክዳን ባለው የምሳ ዕቃ ውስጥ ሲሆን፣ እርጥበት እንዲጠጡላት ከጫማ ሻጮች የለመነቻቸውን በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን ትናንሽ ከረጢቶች አብራ ትከታለች።

የእጅ ባትሪ ከኋላ እያበራች አንድ በአንድ አየቻቸው። አዲሱ ሌንስ ንጹሕ ነው፤ የሰውን ሽፋሽፍት ይቆጥራል። አሮጌው ጠርዙ ላይ ትንሽ ድር አለበት፤ አባቷ ከዓመታት በፊት ፈትተው አጽድተውት ጠባሳው የቀረ ነው። በእሱ የተነሳ ፊት ግን ለስለስ ይላል፤ ብርሃኑ ከጉንጭ ላይ በቀስታ ይወርዳል።

«የትኛውን ልውሰድ፣ አባዬ?»

«ለመታወቂያ አዲሱን፣ ለሴት ፊት አሮጌውን። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«የሙሽራዋ እናት ግን ጥርት ያለ ነገር ነው የሚወዱት ይባላል።»

«የሙሽራዋን እናት ልታስደስቺ ነው ወይስ ሙሽራዋን ልታነሺ?» አሉ አባቷ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም። ታቢታ አሮጌውን መረጠች፤ ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው የሌንሱ መዝጊያ ተኝቶ እንዳይሆን ባዶውን ደጋግማ ተኮሰችው። ጠ! ጠ! ደህና ነው።

ከዚያ ሁለቱን የፊልም ቤቶች አመጣች። እነዚህ ፊልሙ ተጠቅልሎ የሚቀመጥባቸው ከካሜራው ጀርባ የሚገጠሙ የብረት ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ቀጭን ቆርቆሮ ፊቱ ላይ ይሸጎጥና ይነቀላል፣ ሌላው ይተካል። ጠርዛቸውን ይዘጋ የነበረው ስፖንጅ አርጅቶ እንደ ሬንጅ ሲቀልጥ፣ ታቢታ በአልኮል ጠርጋ አውጥታ ከልብስ ሰፊ በለመነችው ጥቁር ከፋይ ተክታዋለች። ጋሽ አሞጽ ጠርዙን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት።

«ጨለማውን ይዟል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሀቢቡላህ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ሰበር አደረገ።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሽ አሞጽ?»

«ይመስገን። ዛሬም ለመታወቂያ ነው?»

«አይ… ዛሬስ ፎቶ አንሺዋን ልወስድ ነው።»

«መልሰህ ታመጣታለህ?»

ልጁ ሳቀ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

መኪና ውስጥ ታቢታ ማህደሯን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ሀቢቡላህ ዛሬ ከወትሮው ዝምተኛ ሆነባት። ፒያሳን ሳያልፉ፣

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«ሀቢብ።»

«አዮ ትናንት የአንዲት የሊሙ ልጅ ስም አነሳች። የነጋዴ ልጅ ናት። ለኔ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ምን ልበል? የሂንድ ሠርግ ይለፍና…»

«መጀመሪያ የቡናው ለቀማ ይለፍ አልክ። ከዚያ ረመዳን ይለፍ። አሁን የሂንድ ሠርግ ይለፍ። እኔ ራሴ ሳላልፍ ትደርስልኝ ይሆን?»

«ታቢ፣ ማሎ… እባክሽ…»

«ማሎ አትበለኝ! እስቲ በዚህ በተቃጠለ ሆዴ የእህትህን ደስታ እንዴት አድርጌ ላንሳው? ንገረኝ! ቢበላሽ ይበላሽ!»

አለችው። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች፤ ቃል ግን እንደ ፊልም ወደ ኋላ አይጠቀለልም። ቀሪውን መንገድ ሁለቱም መስተዋቱን እያዩ ሄዱ፤ ልባቸው አጠገብ ላጠገብ፣ ዓይናቸው ግን ለየብቻ።

*

በሴቶቹ ቤት ድቤው እየተመታ፣ እልልታው ጣራውን እያነሳ ነበር። ታቢታ ካሜራዋን ከሆዷ ላይ ይዛ፣ ከላይ በኩል ጎንበስ ብላ በካሜራው መስተዋት ውስጥ ስትመለከት፣ የሂንድ አክስት አየቻትና፣

«ኧረ ይህች ልጅ ምን ሆና ነው የምታቀረቅረው? ሙሽራዋ እኮ ፊት ለፊት ናት!» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስት ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔን ስታነሺ አገጬን አንድ ብቻ አድርጊልኝ፣ ማሎ! ሁለተኛውን ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን» ብላ ጨመረች።

ታቢታም ሳቀች። ሥራ ጀመረች። ፊልም እንደ ድሮው በየሱቁ የሚገኝ ነገር ስላልሆነ ዝም ብላ አትተኩስም፤ ትጠብቃለች። ሂንድ መዳፏን ዘርግታ ሂናውን ስታስቀባ ጠበቀች። ጸጉሯ በትከሻዋ ላይ ሲፈስስ ጠበቀች። ከዚያ ወይዘሮ ነጅላ፣ ያ ሁሉ አቅራቢ የሚፈራቸው ሴት፣ ከልጃቸው ኋላ ቆመው ማንም አላየኝም ብለው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ በአሮጌው ሌንስ ውስጥ አየቻቸው። የሀቢቡላህ ዓይን ነው፤ ሲከፋው እንደዚሁ ነው ጥጉ የሚወርደው። ጠ! አነሳቻቸው። የጠዋቱ ንዴት ከሆዷ ሲወጣ ተሰማት፤ በቦታው አንድ የሚያሳዝን ነገር ገባ። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ ብላ አሰበች። ያለፈቃዳቸው።

አንደኛው የፊልም ቤት ሲያልቅ ቆርቆሮውን ሸጉጣ ነቅላ ለወይዘሮ ነጅላ አስረከበች። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ መኝታ ቤታቸው ወስደው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሁለተኛውም አልቆ ሲሰጣቸው፣ «ተባረኪ፤ ደህና ልጅ ነሽ» አሏት። ለዚያ ቃል ታቢታ የዓመት ደመወዝ ቢሰጧት አትለውጠውም ነበር።

እጇን ታጥባ ከሴቶቹ ጋር ለምሳ ተቀመጠች። ጥቂት እንደቆየች ወይዘሮ ነጅላ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ሆነው በጣታቸው ጠሯት። ስትገባ መጋረጃው ተገልጦ የቀትር ፀሐይ አልጋው ላይ ወርዷል። አልጋው ላይ ሁለቱም የፊልም ቤቶች አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ፊልሞቹ ከነጥቁር ወረቀታቸው ተተርትረው እንደ ሪባን ተዘርግተዋል።

ታቢታ በሩን ይዛ ቆመች።

«ነይ እስቲ፣ ልጄ» አሉ እናትየው፤ ድምፃቸው እንደ መርማሪ ነበር። «ሳልፈትሽ ማመን አልችልም ብዬ ከፈትኩት። ሚሞሪው የታለ?»

«ምን… ምኑ፣ እማማ?»

«ሚሞሪ ነዋ! ፎቶው የሚገባበት። ይሄ ወረቀት ብቻ ነው። ይሄም ላስቲክ ነገር ባዶ ነው፣ አንድም ሰው የለበትም። ፎቶውን የት አድርገሽዋል?»

ታቢታ ወደ አልጋው ቀረብ አለች።

«ላስቲኩ ነው ፎቶው፣ እማማ። እስኪታጠብ አይታይም። በጨለማ ነው የሚወጣው። ብርሃን ካየ… ይጠፋል።»

ወይዘሮ ነጅላ አልጋውን አዩ። መስኮቱን አዩ። እጃቸውን አዩ።

«ማለት… ሁሉም?»

«አዎ።»

«በኔ እጅ?»

ሴትየዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ፤ በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰሏት። «ያ ረቢ…» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ ነገ ትሄዳለች። ምን ልላት ነው? ደስታዋን በጄ አጠፋሁት ልበላት?»

ይህን ጊዜ ሂንድ ከውጭ ተጣራች። «አዮ! ታቢታ! ምን ትሠራላችሁ? ፎቶው መቼ ነው የሚታጠበው?» በሩ ተከፈተ። ሙሽራዋ ሂና የተቀባ እጇን አየር ላይ ይዛ ቆመች፤ ከኋላዋ አክስቷ፣ ከአክስቷ ኋላ ግማሹ ሠርግ። አልጋው ላይ ያለውን አዩ። ሁሉም አዩ።

ወይዘሮ ነጅላ ታቢታን አዩዋት። በዚያ እይታ ውስጥ ልመና የለበትም፤ ሴትየዋ መለመን አያውቁበትም። ፍርሃት ግን ነበረበት።

«ፊልሙ ተበላሽቷል» አለች ታቢታ። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ብርሃን ገብቶበታል። ዕቃው አሮጌ ነው፤ ፈትሼ መምጣት ነበረብኝ። ለእማማ ላሳያቸው ብዬ ነው የከፈትኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ሁሉም?» አለች ሂንድ።

«ሁሉም። ይቅርታ፣ ሂንድዬ።»

«እኔ ብያለሁ!» አክስት እጇን አጨበጨበች። «ስልክ ይሻላል ብያለሁ! ሥራውን ሳይችሉት የሰው ሠርግ ላይ መምጣት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?» ሌሎቹም ተንጫጩ። ሂንድ ማልቀስ ጀመረች፤ እጇ ሂና ስለሆነ እንባዋን መጥረግ አልቻለችም። የጠረጉላት እናቷ ናቸው።

ታቢታ ባዶዎቹን የፊልም ቤቶች ለቀመች። እናትየውን ልጃቸው ፊት ከመዋረድ አድናቸዋለች፤ የራሷን እንባ ግን የሚጠርግላት አልነበረም።

*

ሀቢቡላህ ወሬውን ግቢ ሆኖ ሰምቷል። ሊመልሳት መኪናውን ሲነዳ ዝናቡ ጀመረ።

«እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው።»

«አንቺ? ያንን ጠርዝ ሳምንት ሙሉ ስታበጂ አይቼሽ የለም እንዴ? ጋሽ አሞጽ ጨለማውን ይዟል ካሉ ይዟል ማለት ነው። እንዴት ብርሃን ይገባል?»

ታቢታ ውጭ ውጭውን አየች። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃት፤ እናትህ። ግን ያን ቃል ከተናገረች እኚያ አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ሴት በልጃቸውም ፊት እንደዚያው ያረጃሉ።

«ገባ፤ አለቀ። ተወው።»

መኪናውን ከአወቱ ድልድይ አጠገብ አቆመው። ሞተሩን አጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ጠዋት ያልሽኝን አስታወስኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ቢበላሽ ይበላሽ ብለሽኝ ነበር።»

ታቢታ ዞራ አየችው። መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ገባት።

«ጨርሰው» አለች።

«ታቢ…»

«ጨርሰው እንጂ! ጀምረኸዋል።»

«ሆን ብለሽ ነው?» አለ። «በኔ ተናደሽ… በእህቴ ተወጣሽው?»

ስንት ወር ሙሉ ይህን ፊት በሌንስ አይታዋለች፤ በጎን፣ በፊት፣ ሲስቅ፣ መሳቁን ሲደብቅ። አሁን የማታውቀው ሰው ሆነባት። በሩን ከፍታ ወረደች። ስሟን ጠራ፤ አልዞረችም። ማህደሩን ከሹራቧ ስር አስገብታ በድልድዩ ላይ ሄደች፤ ሌንሱ እንዳይርስ። እሷስ ትራስ።

ጋሽ አሞጽ ምንም አልጠየቋትም። ፎጣ ሰጧት፤ ከዚያ የፊልም ቤቱን አንስተው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ከፋዩ ደህና ነው» አሉ። «በዚህ በኩል አልገባም። ሰው ከፍቶታል።»

«አባዬ፣ ማሎ ተወኝ።»

«ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም» አሉ ሽማግሌው፤ ዕቃውን በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለሱ። «አንቺ ያልነገርሽኝን እኔ ባውቀው ምን ይረባኛል?»

ታቢታ ጨለማ ክፍል ገባች። በሩን ዘጋች። ፊልም የሚታጠብበት ቦታ ለማልቀስም ይመቻል፤ ማንም ድንገት ከፍቶ አይገባም።

*

ወሬ እግር የለውም ያለ ማነው? ሳምንቱ ሳያልቅ ሁለት ሙሽሮች ቀጠሯቸውን ሰረዙ፤ አንዷ «ዕቃችሁ ብርሃን ያስገባል አሉ» ብላ በቀጥታ ተናገረች። ሀቢቡላህ ደወለ፤ ታቢታ አላነሳችም። ከዚያ መደወሉን ተወ፤ እሷንም መተዉ ከመደወሉ በላይ አመማት። ጠዋት ጠዋት ሌንሶቹን ፀሐይ ላይ ታወጣለች፣ ትጠርጋለች፣ መዝጊያቸውን ትተኩሳለች። ሥራ የያዘ እጅ የልብን ይረሳል የሚሉ ሰዎች ልብ ያላቸው አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ሰኞ አንድ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ነጅላ ብቻቸውን ገቡ።

«ሰላም ለዚህ ቤት» አሉ፤ ጋሽ አሞጽ ለመነሳት ሲሞክሩ፣ «ኧረ አይነሱ፣ ወንድሜ» ብለው ከለከሏቸው። ለደምበኛ በተዘጋጀችው፣ ሰው ለመታወቂያ በሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቀጥ ብለው። ለፎቶ ይመስል።

«ለምን አላጋለጥሽኝም?» አሉ።

ታቢታ የያዘችውን ጨርቅ አጣጠፈች። «ልጅዎ ፊት ነበሩ፣ እማማ።»

«ያ ሁሉ ሰው ሲሰድብሽ እኔ ቆሜ አየሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ሠርጉ ይለፍ አልኩ።» ይህን ሲሉ ታቢታ ሳታስበው ቀና አለች፤ ሀቢቡላህ የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠራጠር ካለ ይምጣና ይስማ። «ሂንድ ከሄደች በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል እህል አልወርድ አለኝ። ደውዬ ነገርኳት። አኩርፋለች፤ ይሁን። ትናንት ደግሞ ለሀቢብ ነገርኩት። ዋላሂ፣ የሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አባቱ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አልሆነም። ያኔ ነው ሌላውም የገባኝ።» ዓይናቸውን በታቢታ ላይ ተከሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ታቢታ መሬት መሬቱን አየች። ጋሽ አሞጽ ከጥጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከሁለተኛው መታወቂያ ጀምሮ ነው፣ እህቴ።»

«ያውቁ ነበር?»

«ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው።»

ወይዘሮ ነጅላ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አልሳቁም። «እንዳትሳሳቺ፣ ልጄ» አሉ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ለሌላ አልመጣሁም። ለኔ ክብር ስለዋሸሽ ልጄን እነሆ አልልሽም። ዘመድ አለኝ፤ ሃይማኖት አለኝ።»

«እኛም ጋ አለ» አሉ ጋሽ አሞጽ በለዘበ ድምፅ። «እኔም የምጠየቅበት ቤተክርስቲያን አለኝ። ለኔም ቀላል አይደለም።»

ሁለቱ ወላጆች ተያዩ። ያን ያህል የተለያዩ ሰዎች ያን ያህል ተመሳስለው ታቢታ አይታ አታውቅም።

«እሱ መኪናው ውስጥ ነው» አሉ ወይዘሮ ነጅላ። «ግባ ብለው እምቢ አለኝ። አፍሮ።»

ታቢታ ወጣች። ሀቢቡላህ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ጺሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ታቢ…»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለችው። ስንት ቀን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ጠፋባት። የቀረላት ይህ ብቻ ነው። «ለእናትህ ብዬ የዋሸሁትን አንተ ለምን አመንከው?»

ሀቢቡላህ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ።

«አንድ ቀን ተናድጄ የተናገርኩትን ያዝክ፤ ያየኸኝን ዘመን ሁሉ ጣልክ። እነሱ አያውቁኝም፤ ቢሰድቡኝ አይገርመኝም። አንተ ግን ታውቀኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ፈሪ ነኝ። ያንን ቃል ከማመን ይልቅ እናቴን መጠየቅ ይከብደኝ ነበር። ምን ላድርግ? እዘዢኝ።»

«አላዝህም። ሁልጊዜ የሚያዝህ ትፈልጋለህ።»

በሩን ከፍቶ ወረደ፤ በአጠገቧ አልፎ ወደ ፎቶ ቤቱ ገባ። ታቢታ ተከተለችው። እሱ ከሁለቱ ወላጆች መሃል ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

«አዮ። ጋሽ አሞጽ። ሽማግሌ ሳልልክ፣ ወግ ሳልጠብቅ ነው የምናገረው፤ ይቅር በሉኝ። ስጠብቅ ስጠብቅ ነው ሰው ያጣሁት። ታቢታን እወዳታለሁ። የሊሙዋን ልጅ አላገባም፤ ሌላም አላገባም። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። የማውቀው አሁን መናገር እንዳለብኝ ነው፤ ከእንግዲህ ምንም ነገር ይለፍ አልልም።»

ውጭ አንድ ባጃጅ እያንቋረረ አለፈ። ወይዘሮ ነጅላ ልጃቸውን አዩት፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ይሁን ሐዘን ይሁን ሌላ ነገር ማንም ሊለይ አልቻለም።

«ሰማሁ» አሉ በመጨረሻ።

«እኔም ሰማሁ» አሉ ጋሽ አሞጽ።

እሺ ያለ የለም። እምቢም ያለ የለም። ሀቢቡላህ ወደ ታቢታ ዞረ፤ ከእሷ ዓይን አንዲት ቅንጣት ነገር ይጠብቅ ነበር። ይህን ቃል በስንቱ ሌሊት ተመኝታዋለች! አሁን ተነግሯል፤ በቀን፣ በእናቱ ፊት፣ በአባቷ ፊት። ደስታው መጣ፤ ግን የመጣው ድልድዩ ላይ በቆሰለው ቦታ በኩል ነበር፤ ሲነካው አመማት።

«ሰምቼሃለሁ» አለችው፤ እንባዋ መውረዱን አልደበቀችም። «ግን አኩርፌሃለሁ፣ ሀቢብ። ገና አልለቀቀኝም። መቼ እንደሚለቀኝም አላውቅም።»

እሱ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ነጅላ ከበርጩማዋ ተነሱ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ጋሽ አሞጽን በአክብሮት ተሰናበቱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ልጃቸውን በክንዱ ያዙት።

«ና እንሂድ። ተዋት» አሉት። «ባዕድ ሰውን ማን ያኮርፈዋል? የሚኮረፈው የራስ ሰው ነው።»

ወደ ኋላ ሳያዩ ወጡ። ታቢታ በቆመችበት ቀረች። የተናገሩት ለልጃቸው ይሁን ለእሷ አልገባትም፤ ልቧ ግን ከእሷ ቀድሞ ሰምቶ ደረቷን ይመታ ነበር። የመኪናው ድምፅ ከድልድዩ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ያቺን ኩርፊያዋን፣ እንደተሰጠቻት ነገር፣ አጥብቃ ይዛ ቆመች።